ጤፍ ላይ የተኛችው የፋርስ ድመት

ድመቷን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያመጣኋት እዚያው ኮምቦልቻ መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ለምናኝ ነው። ፐርሺያን የሚባለው የፋርስ ዝርያ ናት፤ ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጣ ያለ ጸጉር፣ ጠፍጣፋ ፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች መካከል የተለጠፈች ትንሽ አፍንጫ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ካለ ዘመዷ በስጦታ ነበር ያገኘቻት። የኮምቦልቻ ሙቀት ግን አልተስማማትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግታ አፏን ከፍታ ታለከልካለች።

"አንቺ ደሴ ነው የምትኖሪው፤ ብርዱ ለሷ ገነት ነው" አለችኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም። ድመቷን ካየኋት በኋላ ደግሞ እምቢ ማለትም አልፈለግሁም።

ያስፈሩኝ አከራዬ ናቸው። ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከግቢው አልፎ የሚሰማ እናት ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ልነግራቸው ስፈልግ ክፍሌ ውስጥ አስቀድሜ የምለማመድ ሰው ነኝ። ድመቷ ያለችበትን ካርቶን ታቅፌ ስገባ፣ የተለማመድኩትን ሳልጀምር እሳቸው ከፍተው አዩ።

"ወላሂ፣ ይቺ ድመት ናት የበግ ግልገል?"

"ድመት ናት፣ እማማ።"

"ፊቷን ምን መታት?"

"ተፈጥሮዋ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "እህል ቤቴን አይጥ ጨርሶታል። ከያዘች ትኑር። ካልያዘች ወደመጣችበት ትመለስ።"

ይሄ ዝርያ ለአደን እንደማይሆን አንብቤ ነበር፤ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ አወቅኋት። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከኩባያ መጠጣት አትችልም፤ ወተቷን በዝርግ ሳህን አደረግሁላት። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጸጉሯን አበጥራለሁ። ሳበጥራት ራሷ አገጯን ቀና ታደርጋለች። ስትራብ አትጮህም፤ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጥና ዓይኗን ጥላብኝ ትጠብቃለች። እኔ ዝም ስል ሰው ኩራት ይመስለዋል። የእሷ ዝምታ ግን ክብር ነበረው፤ ቀናሁባት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ የምትውልበት በረንዳ ላይ አጣኋት።

"ሥራ ገብታለች" አሉ አከራዬ፣ የእህል ቤቱን በር በአገጫቸው እያሳዩኝ።

በሩን ከፈትኩ። አፉ የተከፈተ የጤፍ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። አንዲት አይጥ በግድግዳው ሥር ሮጠች። ድመቷ አንገቷን ብቻ አዙራ፣ በሙሉ ዓይኗ እየተከተለች እስክትጠፋ ድረስ አየቻት።

"አየሽ! እንግዳ ነው እንዴ የምትሸኘው?" አሉ ከኋላዬ። "በቃ፣ ነገ ትመለስ።"

አንስቼ ሳቅፋት ጤፉ ከጸጉሯ ውስጥ እየተንጠባጠበ እግሬ ሥር ፈሰሰ።

"ጭራሽ! አይጥ ሳትይዝ ጤፌን ይዛ ወጣች!"

"እማማ፣ የኮምቦልቻን ሙቀት አትችለውም" አልኩ፤ ይሄን አልተለማመድኩትም ነበር። ድምፄ ለራሴም ከፍ ብሎ ተሰማኝ። "እዚያ ከተመለሰች ትታመማለች። አይጥ አትይዝም፤ ለዚያ አልተፈጠረችም። ጤፉን ግን አሁኑኑ ከላይዋ አወጣዋለሁ።"

አዩኝ። ሄደው ሰፌድ አመጡ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሰፌዱ ላይ አበጥራት ጀመር። ጤፉ ሾ እያለ ይወርዳል። እሷ እንደ ልማዷ አገጯን ቀና አደረገች። አከራዬ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጀርባዋን ነኩ።

"ሱብሐነላህ! ባዘቶ ናት እኮ!" ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰዱ። ትንሽ ቆይተው፣ "ታለቅሳለች እንዴ?"

"አፍንጫዋ አጭር ስለሆነ እንባዋ ወደ ውጭ ይፈሳል። በየቀኑ መጥረግ ነው።"

በሻሻቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉላት። ጤፉን አንጓለው ጸጉሩን ለይተው ወደ ጆንያው ከመለሱ በኋላ፣ "ለአይጡስ ሐርቡ ያለችው እህቴ አንድ ሞገደኛ ድመት ትልክልኛለች" አሉ።

ማበጠሪያውን ይዤ ልነሳ ስል ግን ቆጣ አሉ።

"እሱን እዚሁ ተይው። አንቺ ኮምቦልቻ ስትውዪ ማን ሊያበጥራት ነው?"