ወደ ሚኤሶ፦ የተበታተነ ዲስክ ለመሰብሰብ

ከጭሮ ስወጣ

ጠዋት ከጭሮ የተነሣሁት ሚኤሶ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ «ሰርቨሩ ሞተ» ብሎ ስለጠራኝ ነው። እንዳልሞተ ከስልኩ ገብቶኛል። የሕሙማኑ ካርድ ሁሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ መረጃውን በቁርጥራጭ በየቦታው በትኖታል። አንድ ካርድ ክፈት ሲሉት ቁርጥራጩን ከዳር እስከ ዳር ሲፈልግ ይውላል። የእኔ ሥራ የተበታተነውን አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ዲፍራግ ማድረግ ነው። «ለጥበቃ ካሜራው የራሱን ዲስክ ግዙለት፤ ቀን ከሌት እየጻፈና እየሰረዘ ይሄኛውን ይበታትነዋል» ብዬ ለባለቤቱ ነግሬው ነበር። እሺ ብሎኝ ረሳው።

ሚኒባሳችን «ሞልቷል» ከተባለ በኋላ አንድ ሰው ለመጨመር መናኸሪያውን ደጋግሞ ዞረ። መንገድ ስንጀምር ደግሞ ጫት የጫነ አይሱዙ ጠመዝማዛው ላይ ቀደመን፤ ሾፌራችን ተናደደና ተከተለው። የመረጃ መገልበጫ ዲስኬን በሹራብ ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ አጥብቄ ያዝኩ። ቁልቁለቱን እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀ፣ ሙቀቱ መጣ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ሳያፈራ ደርቋል።

ሚኤሶ

በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ቆሜ ጠጥቼ ወደ ክሊኒኩ ገባሁ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ነርሷ ሲስተር መቅደስ ከሰላምታ በፊት ወደ አንድ ጠና ያለ ሰው ጠቆመችኝ። ጀማል ይባላሉ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ ትኩሳት ይዟቸዋል።

«ባለፈው እዚሁ የተወጉት መድኃኒት ፊታቸውን አሳብጦ ትንፋሽ አሳጥቷቸዋል» አለችኝ። «ስሙን አያስታውሱም። የጻፍኩት ካርዱ ላይ ነው። እሱ አልከፈት አለ። እንዴት በግምት ልውጋቸው?»

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ዲስኩ በካሜራ ቅጂ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባዶ ቦታ ከሌለ ደግሞ ዲፍራጉ አይሠራም። ባለቤቱ ጋ ደወልኩ።

«የድሮውን ቅጂ ላጥፋው?»

«ካሜራውንማ አትንኪ፤ ሌባ አለ።»

«ሌባው ካሜራው ነው» አልኩትና አብራርቼ አስፈቀድኩ። ያን አጥፍቼ የሕሙማኑን መረጃ ለመጠባበቂያ ወደ ዲስኬ መገልበጥ ጀመርኩ። ይንቀረፈፋል። አቶ ጀማል በበሩ ብቅ ይላሉ።

«አለቀ፣ እህቴ?»

«ገና ነው።»

ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። «አሁንስ?»

«ቢያልቅ አልጠራዎትም?» አልኩ፤ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ግድግዳውን ይዘው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ግልበጣው አልቆ ዲፍራጉን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። ማሽኑን በባትሪ ማቆየት የነበረበት ዩፒኤስ አንዴ ጮኾ ዝም አለ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ጄኔሬተሩም ብልሽት ላይ ነው። ለሲስተር ቁርጡን ነገርኳት፦ «መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥ መረጃው ሊበላሽ ይችላል። እንዲህ ሆኖ አልጀምርም። ወደ ጭሮ ልመለስ።»

አቶ ጀማል ሰምተዋል። «መኪናዬ ላይ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር አለ» አሉ። «ማቀዝቀዣም ቴሌቪዥንም የማሠራው በእሱ ነው። ይሄን ያቅተዋል?»

በመስኮት የገባው ገመድ

መኪናውን እስከ መስኮቱ አስጠጉት፤ ገመድ ዘረጋን። ሞተሩ እየሠራ፣ የናፍጣ ጭስ ክፍሉን እየሞላው፣ ሰርቨሩ ተነሣ። ካርዶቹ ያሉበትን ፋይል ብቻ አስቀድሜ ሰበሰብኩ። ሲያልቅ ሲስተር ስማቸውን ጻፈች፤ ካርዱ ወዲያው ተከፈተ። ጎንበስ ብላ አነበበችና ካርዱ እስኪከፈት ትሪው ላይ አዘጋጅታ ያቆየችውን መርፌ አነሣች።

«ፊታቸውን ያሳበጠው ይሄው ነው» አለች በዝግታ። «ልወጋቸው የነበረው ራሱ ነው።»

ሌላ መድኃኒት ሰጠቻቸው። እኔም የቀረውን ዲስክ ለሌላ ቀን ትቼ ገመዱን ልነቅል ተነሣሁ፤ አቶ ጀማል ሾፌር ጓደኞቻቸው ቀድመዋቸው ወደ ጅቡቲ እያለፉ መሆኑን በስልክ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር።

«ተይው» አሉኝ። «ከኋላዬ ስንት ሰው ተቀምጧል። የሁሉም ካርድ ይከፈት።»

«መንገድዎስ?»

«መንገዱ የትም አይሄድም።»

ጋቢናቸው ውስጥ ጋደም አሉ። ሰዉ በየተራው እየገባ ታከመ፤ እኔም የቀረውን ጨረስኩ። ገመዱን ጠቅልዬ ሳቀብላቸው ስለተቆጣኋቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝና ሄዱ።

መልስ

ወደ ጭሮ የሚመለሰው መኪና ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ሲመሽ ቤቴ ገባሁ፤ ልብሴ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ስለ ካሜራው ዲስክ፣ ስለ ዩፒኤሱ ባትሪ ባለቤቱን በስልክ በደንብ ተናገርኩት፤ እንደገና እሺ አለኝ።

ድሮ ለጥገና ስጠራ «ዲስኩ ምን ሆነ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዬ። አሁን «በር ላይ የሚጠብቀው ማን ነው?» እላለሁ።