ወንድሜ የጠቀጠቀው ጨው

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ይህን የማያውቅ ሰው ፀዳ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖርም ራሱ ይነግረዋል። የእናታችን እጅ ሳሙና በማያረፋው የጉድጓዳችን ውኃ እየደረቀ ሲሰነጣጠቅ፣ ከአዲስ አበባ የውኃ ማለስለሻ ማሽን አስመጣ። እውነት ለመናገር ውኃው ለሰለሰ። ሳሙናው አረፋ ማውጣት ጀመረ፣ የእናቴም ቁስል ገጠመ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! በየቅዳሜው እጅጌውን ሰብስቦ የማሽኑን የጨው ገንዳ ክዳን ይከፍትና ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሌክቸር ይሰጣል። ማሽኑ የሚሠራው የጨው ውኃ ውስጡን በየጊዜው ሲያጥበው ነው፤ ይህን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። የእሱ ጽዳት ግን ውጪውን በጨርቅ መወልወል ብቻ ነበር። መመሪያው ጠጠር ጨው ይላል፤ እሱ የወጥ ጨው ገለበጠበት። ብዙ እንዲይዝለት ደግሞ በዘነዘና ጠቀጠቀው፣ ጤፍ በጆንያ እንደሚጠቀጥቅ ነጋዴ። ምሁር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

አንድ ቀን ግቢውን ሳጸዳ ጨውን በመጥረጊያው እንጨት ወጋ አደረግሁት። ላዩ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ሥሩ ባዶ ነው። ጨውና ውኃው ከተለያዩ ሰንብተዋል፤ ማሽኑም ከታጠበ ቆይቷል፤ ወንድሜ “ሙሉ ነው” እያለ የሚያሳየው ቅርፊቱን ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። ቅርፊቱን ሰብሮ፣ ገንዳውን አጥቦ፣ ጠጠር ጨው መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አልነካሁትም። እኛ ቤት የታላቅ ወንድም ዕቃ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ሰበቡ ተመቸኝ። እንግዶቹ ፊት ሲዋረድ ማየት ፈለግሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ደረሰልኝ። አንድ የጥገና ባለሙያ እንግዳ፣ ወንድሜ ሌክቸሩን ገና ሳይጨርስ፣ ጨውን በጣቱ ቆረቆረውና በቡጢ መታው። ቅርፊቱ ተደርምሶ ባዶው ገንዳ ውስጥ ወደቀ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ።

“አያ፣ ባዶ ገንዳ ስታስጎበኝ ከረምህ?” አልሁት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። “እኔማ ካወቅሁት ሦስት ሳምንቴ!”

እናቴ ከኋላችን ቆማ ነበር። ሰሞኑን እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም፤ በብርዱ ነው ብዬ ነበር። አሁን አወጣችው። ጣቶቿ እንደገና ተሰነጣጥቀው ደም ቋጥረዋል።

“እኔ ወንድምሽ እንዳያፍር ብዬ ነው ዝም ያልሁ” አለችኝ። “አንቺ ምነው ዝም አልሽ?”