ስለ አስቴር ኪኒን ለሲስተር ታደለች ያልነገርኳት

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ ሲስተር ታደለች አረፈች ሲሉኝ፣ የትኛዋ ታደለች አልኩ። የማውቃት ታደለች አንድ ብቻ እንደሆነች እያወቅኩ።

እናቷን ልትጠይቅ ሺንሺቾ ሄዳ፣ እዚያው ድንገት ታማ ነው አሉ። እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው እሁድ እኮ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "ጋሼ፣ ጨው ቀነሱ ወይስ እንደ ልማድዎ ነው?" ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ አስቃብኛለች።

ለማታውቋት፣ እዚህ ሆሳዕና የግፊትና የኩላሊት ታማሚዎችን የምትከታተል ነርስ ነበረች። ባለቤቴን አስቴርን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችልኝ እሷ ናት። አስቴርን ከቀበርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከሌሞ ወደ ከተማ ሰው በጋሪ ሳመላልስ ነው የኖርኩት። የአስቴር ኩላሊት ጠባሳ እየያዘ ነው ሲሉን፣ ጠባሳ ሆድ ዕቃ ውስጥ እንዴት ይወጣል ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፈኝ ነበር። ታደለች ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ጋሪዎ ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል?"

ሦስት አልኳት።

"አምስት ጭነው አይቼዎታለሁ። ለዛሬ ግን አንድ ይሁን።"

የኩላሊት ሴሎች ላይ ሪሴፕተር የሚባል መቀበያ አለ አለችኝ፤ እንደ ጋሪው መቀመጫ። ሰውነት የሚልከው መልእክት መጥቶ እዚያ ሲቀመጥ ሴሉ ጠባሳ መሥራት ይጀምራል። ቁስል ሲኖር ይህ ደግ ነው። መልእክቱ አላቋርጥ ሲል ግን ጠባሳው ደም የሚያጣራውን ቦታ ይወርሰዋል። ለአስቴር የታዘዘው ኪኒን ቀድሞ መቀመጫውን ይይዛል፣ መልእክቱ ቦታ ያጣል። የቆየውን ጠባሳ አይነቅልም፤ የሚመጣውን ያዘገያል እንጂ። ኪኒኑ ደግሞ ውሎ አድሮ ስለሚወርድ በየቀኑ አዲስ መሳፈር አለበት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘን ሰላምታዋ "ዛሬስ ተሳፍሯል?" ሆነ።

አስቴር ለወራት ዋጠች፣ ግፊቷ ወረደ። በጉባኤ ተጸልዮላት ስለነበር አንድ እሁድ ወጥታ ተፈውሻለሁ ብላ መሰከረች። ሰው እልል አለ።

ቤት ገብተን ምሳ እንደበላን ኪኒኗን ስታወጣ ከእጇ ላይ ወሰድኩት። ከመሰከርሽ በኋላ ከዋጥሽ ምስክርነትሽን ማጠፍሽ ነው፣ ሰውስ ቢያይ ምን ይላል አልኳት። ያን ጊዜ የፈራሁት ጌታን ይሁን ሰውን፣ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከወራት በኋላ እግሯ አብጦ ወደ ሕክምና ስንመለስ ሲስተር መድኃኒቱን ማን አስቆማት አለች። እምቢ ያለችው ራሷ ናት ብዬ መለስኩ።

ታደለች ተቆጣች። "እኔም አማኝ ነኝ እትዬ አስቴር። ግፊትዎ ሲወርድ ጌታን አመስግኛለሁ። ያቁሙት ግን አላልኩም።"

አስቴር አንገቷን ደፍታ ሰማች። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። አላጋለጠችኝም። ኪኒኑ እንደገና ተጀመረ፣ ጠባሳው ግን ሩቅ ሄዶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ታደለች የእኔንም ግፊትና ሽንት አስመረመረች። አሁን ያንኑ ኪኒን የምውጠው እኔ ነኝ። የሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ያን ቀን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ያለፉትንም ቀጠሮዎች እንዲሁ እያልኩ ነው ያሳለፍኳቸው።

ታደለችዬ፣ አስቴር መድኃኒቷን እምቢ አላለችም። ያስጣልኳት እኔ ነኝ። የተቆጣሻት በእኔ ውሸት ነው። እልል ያለውም ጉባኤ ይህን ያንብብ።

ጌታ ዘንድ ስትገናኙ እሷ አሁንም አትነግርሽ ይሆናል፤ ጠባይዋ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከእኔ ስሚው።

በሰላም ሂጂ ልጄ።