ከካልኩ ላይ የፋቅሁት ስም

ፕላን መሳል የተማርሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ወረታ ላይ አንድ መሐንዲስ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ጭቃ በመርገጥ ጀመርሁ፤ ከዚያ ገመድ አስወጠሩኝ፣ በስንት ዓመቱ እርሳስ አስያዙኝ። የፎገራ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ ግድግዳ እንደሚተረትር፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አብጦ ወለል እንደሚያነሳ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ካልክ በሚባለው ስስ ወረቀት ላይ ቀለም ሲያመልጠኝ፣ ወረቀቱን ሳልበሳ በምላጭ መፋቅ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ፤ ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራም አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ ትእዛዝ መጣ። ያልተመዘገበ ሰው የሳለው ፕላን አይጸድቅም፤ ዲፕሎማ የሌለው በልምዱ ለመመዝገብ ሥራውን ይዞ ጎንደር ይቅረብ ተባለ። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሚስቴ ደግሞ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የሳልኋቸው ሁሉ የተቀመጡት እሳቸው ቤት ስለነበር ሄጄ ባለቤታቸውን ለመንሁ። እትየ የወረቀቱን ጥቅል አውጥተው ሰጡኝ።

በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሁለት ስም አለ። «የሳለው» የሚለው ላይ የኔ፣ «ያረጋገጠው» የሚለው ላይ የሳቸው። የታሰረ ሰው ስም ይዤ መንግሥት ቢሮ ልገባ ነው? ፈራሁ። በር ዘግቼ ምላጭ አነሳሁና የሳቸውን ስም ከሰባቱም ወረቀት ላይ ፋቅሁት። አንዱንም አልበሳሁም። እጄ እንደዚያ ቀን ጎብዞ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ጎንደር ላይ የምዝገባው ሹም አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

«እዚህ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

«ስሕተት ነበር» አልሁ።

«ማን ነው ያስተማረህ?»

«ማንም። በራሴ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ጓድ፣ ሥራህ ጥሩ ነው። ግን ልምድ የሚባለው በባለሙያ ሥር የተሠራ ነው። ያረጋገጠልህ ሰው ከሌለ አልመዘግብህም» አለኝ። የሳቸውን ስም ልናገር አፌን ከፈትሁ። ግን ፈራሁና ተውሁት። ጥቅሉን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

ወረታ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ ከጭነት መኪና ስወርድ፣ እትየ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ገና እግሬ መሬት ሳይረግጥ ክንዴን ያዙኝ። ስለ ምዝገባው አልጠየቁኝም።

«ወረቀቱ ላይ ስሙን ሲያዩ ምን አሉ? የሚያውቀው አልተገኘም? እንደው በሕይወት አለ አሉህ?»

«ስለሳቸው የጠየቀኝ የለም» አልኋቸው።