ከአካሉ ጎን ያለው ወንበር

አካሉ ቤት ውስጥ የማይናገር ሰው ነው። ክፋት የለበትም። ሲገባ ሰላም ይላል፣ ልጆቹን ይስማል፣ የቀረበለትን በልቶ «ተባረኪ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ከአፉ ቃል ማውጣት የደረቀ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ይኸው ሰው የመኪና መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ሲያርፍ ያ የተዘጋ አፍ ይከፈታል፤ ሆዱ ውስጥ የከረመው ሁሉ ይወጣል። ይህን የምታውቅ ደግሞ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ከጎኑ የምትቀመጠው ሚስቱ ማስተዋል።

ስለዚህ ቀይዋ መኪና ትለወጥ በተባለ ጊዜ፣ ሰፈርተኛው «ምስኪን አካሉ፣ ልጁን እንደ መስጠት እኮ ነው» እያለ ሲያዝንለት፣ ከልቧ የታመመችው እሷ ነበረች። የሚያዝንላት ግን አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናትና።

ቀይዋ የጣሊያን ስሪት ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ እንደ ድንኳን የሚታጠፍ ሸራ፤ ስትቆም ከወገብ የማታልፍ፣ ስትነሳ ግን የካን ከዳር እስከ ዳር የምታሰማ። አካሉ ሲግናል አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የተጨማደደ ላሜራ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ባለሙያ ነው። መኪናዋን ያገኛት የካ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። የግቢው ባለቤት «ዶሮዎቹን ካስለቀቅህ ውሰዳት» አሉት። አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ እየቀጠቀጠ፣ እየቀባ፣ ያልተገኘውን ዕቃ በእጁ እየሠራ አስነሳት። የውስጥ መስታወቷ ጠፍቶ ስለነበር፣ እናቱ እማማ ሙሉጌጥ እንጦጦ ካለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንቁላል የምትመስል ትንሽ መስታወት ነቅለው ሰጡት። «ከእንግዲህ ምን የማየው መልክ አለኝ» ብለው።

ከማስተዋል ጋር ያገናኛቸው ፋይል ነው። እሷ ያኔም አሁንም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። እሱ የእናቱን የይዞታ ፋይል ፍለጋ መጣ፤ ፋይሉ በመጀመሪያው ቀን ተገኝቶለት ሳለ ሦስት ቀን ተመላለሰ። መጥቶ ይቆማል፣ «ደህና ዋላችሁ» ይላል፣ ይሄዳል። ጓደኞቿ «ዲዳው መጣልሽ» እያሉ ያሾፉባት ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲዘንብ በር ላይ ቀይዋን አስነስቶ ጠበቃት። ገባች። የሸራው ጣሪያ ለካ በእሷ በኩል ያፈሳል፤ ምንም ሳይል ከወንበሩ ሥር ጃንጥላ አውጥቶ ሰጣት። መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ በመገናኛ አለፈች፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀባት። እሷም ሳቀች።

ያኔ ነው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መናገር የጀመረው። አባቱ በዘጠኝ ዓመቱ እንደሞቱበት፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ የሁለት ሰው ያህል ስለሚያወሩ እሱ የሚናገርበት ቦታ እንዳጣ፤ «ፋይሉ ይኸውልህ» የሚለውን ድምፅዋን ለመስማት ብሎ ሦስት ቀን ከሥራ እንደቀረ። የካ ሚካኤል ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋ። አፉም አብሮ ተዘጋ።

ከተጋቡ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የእነሱ ሆነች። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አድርገው ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይወጣሉ። ጣሪያው ታጥፎ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ከላይ እየወረደ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆነጠጠ። ሞተሩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል፤ ሌላ ባል በሹክሹክታ የሚናገረውን አካሉ በጩኸት ይናገረዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሃይሚን ማርገዟን ስትነግረው «እኔ እኮ አባትነት አላውቅበትም!» ብሎ የጮኸው እዚያ ትልቁ ኩርባ ላይ ነው፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቆመው አዩት። ከጋራዡ ሸሪኩ ጋር የተጣላ ሰሞን ያለቀሰውም እዚያው ነው፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። እሷም ዘወር ብላ አላየችውም። ጉንጩንና ጆሮውን ብቻ በጎን እያየች እጇን ማርሹን በያዘው እጁ ላይ ጣል አደረገች።

ንፋሱ ደግሞ ፀጉሯን ይበትነዋል። መስታወቷን ወደ ራሷ አዙራ ታስተካክለዋለች፤ እሱ መልሶ አያዞራትም። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት «ከኋላህ የሚመጣውን በምን ልታየው ነው?» አለው።

«ከኋላዬ የሚመጣ ሰው የለኝም» አለ አካሉ። «ያለችኝ ከጎኔ ናት።»

ፖሊሱ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ቀጣው።

ሃይሚ ስትወለድ እቅፍ ላይ ስለምትውል ቅዳሜን አልነካችባቸውም። ሰላሙ ሲከተል ግን ሁለት ወንበር ለአራት ሰው ከየት ይብቃ። ቅዳሜ በአሥራ አምስት ቀን ሆነች፤ ቆየት ብላ በወር፣ እሱም ልጆቹን የሚይዝ ጎረቤት ከተገኘ። በዚህ ላይ እማማ ሙሉጌጥ ጉልበታቸው እምቢ አለና ከእንጦጦ ወርደው ከእነሱ ጋር መኖር ጀመሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ሕክምና መመላለስ አለባቸው።

የመጀመሪያ ቀን በቀይዋ ሊወስዷቸው ሞከሩ። መግባቱንስ ገቡ፤ መውጣቱ ነው የጠፋው። አካሉ በእጃቸው፣ ማስተዋል በብብታቸው ይዘው ሲስቡ፣ ጎረቤት በሌላው በር ገብቶ ሲገፋ፣ እማማ ሙሉጌጥ ሳቃቸው መጣና ጭራሽ ጉልበት ከዳቸው። «የሰው ልጅ መኪና ይይዛል፤ የእኔ ልጅ ጫማ ይዟል» አሉ። «እሱም እንደ ጫማ ሁለት እግር ብቻ ነው የሚችለው።»

ከዚያ ወዲህ ሕክምናው በሚኒባስ ታክሲ ሆነ። አንድ የሰኔ ጠዋት ማስተዋል ሰላሙን አዝላ፣ እማማን በክንዷ ደግፋ ዝናብ ላይ ቆመች። ታክሲ መጣ፤ ረዳቱ አያቸውና «አሮጊቷን ቀጣዩ ይወስዳቸዋል» ብሎ በሩን ዘጋ። ቀጣዩም አልወሰዳቸውም። እማማ ሙሉጌጥ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ እኔን እዚሁ ተይኝና እናንተ ሂዱ፤ አንድ ደግ ሰው ይሰርቀኛል» አሉ። ቀልዳቸው ነው። የማስተዋልን ክንድ ግን አልለቀቁም።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ «ቀይዋን እንለውጣት» አለች። ካፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

አካሉ ቀና ብሎ አያት። ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጠም። ቅዳሜ መጣች፣ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ቀሩ፣ ሁለቱ ወጡ። ፈረንሳይን አልፈው፣ ዛፉ ውስጥ ገብተው፣ ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ማርሽ ቀነሰና «እሺ» አለ። ጥቂት ሄደው ደግሞ «አንቺ ግን የት ትቀመጫለሽ?» አላት።

«ሰባት ወንበር ካለው መኪና ላይ ለእኔ ቦታ ይጠፋል?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። እሷ ጥያቄው የገባት በኋላ ነው።

አንድ ደላላ ፍሮምሳ የሚባል፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት አመጣላቸው። ብርማ፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ በሯ ወደ ጎን የሚንሸራተት ባለ ሰባት ወንበር መኪና አለችው፤ ቀይዋን ለሙሽራ ሊያከራያት ፈልጓታል። ሲያያት እንደ ሕፃን ዞራት፤ ጣሪያዋን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ቁልፍ የተለዋወጡ ዕለት ግን መሪውን ይዞ ቀና ሲል ባዶ ቦታ አየ።

«ጋሽ አካሉ፣ ያቺ መስታወት የታለች?»

«እሷ ከመኪናዋ ጋር አልመጣችም» አለ አካሉ።

ልጁ ሳቅ ብሎ ተወው። ማስተዋል ግን ነገሩ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ለእናቱ መልሶላቸው ይሆናል ብላ የእማማን ክፍል ግድግዳ አየች፤ የለችም። አልጠየቀችውም። እንዲህ ያለው ነገር ቤት ውስጥ የሚጠየቅ አይደለም፤ የሚጠየቅበት ቦታ ደግሞ ከፍሮምሳ ጋር ሄዷል።

አዲሷ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ አካሉ የጋቢናውን በር ከፈተ። ማስተዋል እግሯ በልማድ ቀደመ። ከዚያ ትዝ አላትና ወደ ኋላ ብላ «እማማ፣ ይግቡ» አለች። ማንም አላዘዛትም። ትልቅ ሰው ቆሞ ጋቢና የሚገባ ምን ዓይነት ሰው ነው? እሷ በሚንሸራተተው በር ገብታ ከእማማ ወንበር ጀርባ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠች።

እማማ ሙሉጌጥ ደስታቸው ልክ አጣ። «አሁን ገና ልጅ ወለድኩ» አሉ። ከፍ ብለው ተቀምጠው ዓለምን ያያሉ፤ ያዩትን ሁሉ ይናገራሉ፤ ይሄ ፎቅ መቼ በቀለ፣ ያ የማን አጥር ፈረሰ፣ ያቺ ልጅ በዚህ ብርድ ክንዷን ራቁቷን። አካሉ «እህ» ይላል። ማስተዋል የምታየው ማጅራቱን ብቻ ነው። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፤ ዝንብ ብትበር ትሰማለች። የሚሰማ ነገር ግን የለም።

ብቻቸውን የሚሆኑበት ቀንም አልተገኘም። ሰባት ወንበር ሰባት ሰው አያጣም። ለቅሶ ሲኖር የዕድር ሰዎች፣ እሑድ ከየካ ሚካኤል ሲመለሱ የእማማ ጓደኞች ይሞሉበታል። ሁሉም ይመርቃሉ፤ «ሰው ጫኝ ያድርጋችሁ» ይላሉ። እሷም ዘወር ብላ «አሜን» ትላለች፤ ከአንጀቷ ነው። አንጀቷ ግን ሌላም ነገር ይዟል።

አንድ ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እየቆጠረች ያ ሞተር ከመንገድ ሲጮህ ሰማች። ቁጥሩ ጠፋት። ወደ መስኮቱ ሄደች። ቀይዋ አበባ ተጎንጉኖላት ጣሪያዋ ታጥፎ ታልፋለች፤ በማስተዋል ወንበር ላይ አንዲት ሙሽራ የበረረባትን ቬሎ በእጇ ትይዛለች። ፀጉሯን ልታስተካክል ቀና ብላ መስታወት ፈለገች፤ አጣች። ማስተዋል «የላትም እኮ፣ የኔ እመቤት» አለች፣ ለራሷ። ጓደኛዋ ምን ሆንሽ ብትላት አቧራ ነው አለቻት።

ኅዳር ላይ እማማ ሙሉጌጥ የእንጦጦውን ቤቴን ልየው ብለው ተነሡ። ቅዳሜ ነው። ሁሉም ተጫነ። ማስተዋል ቦታዋ ተቀምጣ የሰላሙን ጫማ ስታስር ቀና ብትል፣ ከአዲሱ መስታወት በታች ያቺ እንቁላል መሳይዋ ተንጠልጥላለች። ዙሪያዋ ላይ ሙጫ ተጨማልቋል።

«አባዬ ሲለጥፋት ሦስቴ ወደቀችበት» አለች ሃይሚ በጆሮዋ። «እንዳትነግሪያት ብሎኛል።»

ፈረንሳይን አልፈው ሽቅብ ሲጀምሩ የእማማ ሙሉጌጥ ወሬ እየቀነሰ ሄዶ አንገታቸው ወደ በሩ ዘመም አለ። ልጆቹም እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኙ። ማስተዋል እንደ ድሮዋ ፀጉሯን ልታይ ወደ መስታወቷ ቀና አለች። ያየችው ግን ፀጉሯን አይደለም፤ ዓይኖቹን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ሲናገር ያየችው ጆሮውንና ጉንጩን ነው። ሊናገር ሲል ዓይኑ እንዲህ እንደሚሆን አታውቅም ነበር።

«ማስቲ» አለ፤ የሚጮህ ሞተር ሳይኖር እንደ ድሮው ጮክ ብሎ። «ፀጉርሽን ንፋስ ሳይነካው አራት ወር ሆነው።»

ማስተዋል መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። የባሕር ዛፉ ሽታ ገባ፤ ፀጉሯ ተነሳ።

«እማዬን እንዳይበርዳት» አለ።

እማማ ሙሉጌጥ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው «እኔ ተኝቻለሁ» አሉ።

አካሉ ሳቀ፤ ከዚያ መናገር ጀመረ። ስለ ጋራዡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ቀይዋን ያስረከበ ዕለት አዲሷን እዚያው አቁሞ ከመሪ ሰፈር እስከ ሲግናል በእግሩ እንደመጣ። ግማሹን ንፋሱ ወሰደባት፤ ግማሹን ከመስታወቷ ውስጥ ከዓይኑ ለቀመች። ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርሱ እጇ በልማድ ወደ ፊት ሄደ፤ ማርሹን የያዘውን እጁን ፍለጋ። አልደረሰም። ያገኘው የወንበሩን ጀርባ ነው። እሱኑ ይዛ ሽቅቡን ወጣች።