በኩባያው ላይ ያለው ዘበኛ

አስር አለቃ እንዳላማው ኩባያውን ሲያሳዩኝ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው ወህኒ ቤት እያየ ሻይ የሚጠጣ?» ብዬ አሰብኩ። በአፌ ግን አላልኩትም፤ ቤት አከራዬ ናቸው።

ነጭ የሸክላ ኩባያ ነው። የድሮው ወህኒ ቤት ከተዘጋ በኋላ፣ ለመታሰቢያ ተብሎ አሮጌ ፎቶግራፍ ታትሞበት እዚያ ለሠሩ ጡረተኞች ታድሏል። ፎቶው ላይ የቆርቆሮ በር ይታያል፤ በሩ ፊት አገልግል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንድ ቀጭን ዘበኛ ጣቱን ወደ ፊተኛዋ ሴት ቀስሯል።

«ይኼ እኔ ነኝ፣ መምህር» አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸው ይኸው ነበር። ለታሳሪ ስንቅ ያመጣ ሰው፣ መርዝ እንደሌለበት እንዲታወቅ፣ በዘበኛው ፊት ከምግቡ ይቀምሳል። እሳቸው «ቅመሽ» ይላሉ። ሴትዮዋ ትጎርሳለች፣ ትውጣለች፣ አፏን ከፍታ ታሳያለች። ከዚያ «ይግባለት?» ብላ ትጠይቃለች። ሕጉን እሳቸው አላወጡትም፤ አገሬው ግን ሕግ አውጪውን የት ያውቀዋል? የሚያውቀው የእሳቸውን ጣት ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሰላምታም አይነፈጉም። ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቆርስ ሰው ግን የለም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ እየፈጠርኩ ሳመልጣቸው ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉኛል፣ ሽሯቸውን ከነድስቱ አቅርበው ብቻቸውን እየበሉ።

«ፊተኛዋን ታውቃታለህ» አሉ፣ ኩባያውን ወደ ብርሃን አዙረው። «ወለተ ሐዋርያት ናት።»

ፊቷ እንኳ በቅጡ አይታይም። በምን እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«ሁልጊዜ ፊተኛ እሷ ነበረች። ከአማኑኤል ከተማ በዋዜማው በእግሯ ተነሥታ፣ የስንቅ ቀን ሲነጋ በሩ ላይ ናት። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ባሏ እዚያው ታሞ ሞተ። የሞተ ዕለትም ስንቅ ይዛ መጣች። መንገሩ የኔ ሥራ አልነበረም። አስቀመስኋት።»

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ዛሬ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። አስር አለቃ ለኅዳር ሚካኤል ሊጠሯቸው ቆረጡ። ሴትዮዋ አንድ ቀን ቤታቸው ገብተው እህል ከበሉላቸው፣ ይቅር እንዳሏቸው ይቆጥሩታል፤ ሌላ ነገር አልፈለጉም። ጥሪውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ እኛ ግቢ አዩ።

«ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ተጠርቶ እንዴት ይቀራል» አሉኝ በመጨረሻ።

አስር አለቃ ዶሮውን ራሳቸው ሠሩት። ብልት ማውጣት ስለማይችሉ ፈረሰኛው ከመላላጫው አልተለየም፤ ሽንኩርቱ ግን በደንብ ተቁላልቶ ነበር። «አንተም ተቀመጥ፤ ሰው ባለበት ይሻላል» አሉኝ። ኮታቸውን ለበሱ። «እንኳን መጡልኝ» የሚለውን ጓዳ ውስጥ ሆነው ሲለማመዱ ሰምቻለሁ።

ሴትዮዋ መጡ፣ ተቀመጡ። ብርጭቆዎቹ ሁሉ አፋቸው ስለተሸራረፈ፣ አስር አለቃ ጠላውን ቤት ውስጥ በተገኘው ደኅና ዕቃ ቀዱላቸው። ያ ዕቃ ኩባያው ነበር። ወህኒ ቤቱ ወደ እንግዳዋ ዞሮ ሲቀመጥ አየሁት፤ ግን ዘግይቻለሁ።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት እጃቸውን ወደ ምግቡ አልዘረጉም። የአስር አለቃ ፊት በላብ ራሰ፤ ጣታቸው ወደ ትሪው ተነሣ።

«ቅመሽ» አሉ።

«ይቅመሱ» ሊሉ ነበር። ቃሉ ክፉ ቃል አይደለም፤ ማንም ሰው እንግዳውን ትንሽ ቅመሱ ይላል። የእሳቸው ምላስ ግን የሚያውቀው ያንኑ የበሩን ቃል ነው።

ሴትዮዋ ኩባያውን አዩ፣ ጣቱን አዩ። ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሰው፣ ወጡን አስነክተው ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው አሳዩዋቸው።

«ይግባለት?» አሉ።

አስር አለቃ የተነሣችውን ጣት በሌላ እጃቸው ጨብጠው ያዟት። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ጠላው አልተነካም።

እኔ አልወጣሁም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቸው ትሪ በላሁ።

«መምህር፣ ለእንግዳ ምንድን ነው የሚባለው?» አሉኝ ቆይተው።

«አፈር ስሆን ይብሉልኝ፣ ነው የሚባለው።»

እንግዳዋ ወደተነሡበት በርጩማ ዞሩ። «አፈር ስሆን» አሉ። ቀሪውን መጨረስ አልቻሉም።