ዝቅ ያለችው መስኮት

ከሐዋሳ የወጣሁ ማታ እናቴ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ጎረቤቶች ጸለዩልኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ያኔ አንገቴ ጤነኛ ነበር። ከሞያሌ ወዲያ በጭነት መኪና ሸራ ሥር አቀርቅሬ ስለተጓዝኩት መንገድ አላወራም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁበት አይድረስባችሁ።

አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ሱቅ እጠብቃለሁ። ሐዋሳ ሳለሁም ባለሱቅ ነበርኩ፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ በሬን በርግጄ፣ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ስል ነበር የምውለው። እዚህ ከውስጥ ቆልፌ፣ በፍርግርግ ብረት መሃል ባለች ጠባብ መስኮት ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። መስኮቷ ወገቤ ጋ ናት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ፣ አንገቴን ወደ ላይ አንጋጥጬ "የስ፣ ማይ ፍሬንድ?" እላለሁ። ሌሊትም እዚያው የዱቄት ከረጢት ተንተርሼ እተኛለሁ።

አንገቴን መቆርጠም ሲጀምረኝ ብርድ መቶኝ ነው አልኩ። እኛ በብርድ የማናሳብበው ሕመም የለም! እሁድ ዕለት አንድ ያገር ልጅ፣ አባቱ ወጌሻ ናቸው የተባለለት፣ ቅቤ ቢያጣ በማርጋሪን አሽቶ አንገቴን ቀጭ አደረገው። ጮህኩ። "ገባ!" አለ በኩራት። በማግስቱ ቀኝ እጄ እስከ ጣቶቼ ደነዘዘ፤ መልስ ስሰጥ ሳንቲም ከእጄ ይወድቅ ጀመር።

ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ገና ሳትነካኝ "ስትሠራ እንዴት እንደምትቆም አሳየኝ" አለች። ጎንበስ ብዬ አሳየኋት።

"ብርድ አይደለም" አለች። "ጭንቅላት ከባድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስታቀረቅር የሚሸከመው የአንገትህ ጡንቻ ነው። ስልክ ላይ መደፋት፣ የማይመች ትራስ፣ ጭንቀትም ያብሱታል። እጅህ የደነዘዘው ግን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይይህ። እስከዚያ አታጎንብስ። ማንም አንገትህን እንዳያጣምም።"

የሱቁ ቤት ባለቤት ማማ ኖምሳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። "ማማ፣ መስኮቷን ከፍ ላድርጋት፤ አንገቴ ሊገድለኝ ነው" አልኳቸው።

"ካንተ በፊት የነበረው ልጅ ከፍ አድርጓት ነበር" አሉኝ።

"አንገቱ ተሻለው?"

"ሌቦች በእሷው በኩል ግንባሩን በጥይት መቱት። ከዚያ ነው ዝቅ ያስደረግኳት። አንገት ይሻላል።"

አመሰግናለሁ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ቀና ብል ጥይት፣ ጎንበስ ብል ነርቭ። ሱቁን ትቼ እንዳልሄድ ይቺን የደነዘዘች እጅ ይዤ ማን ይቀጥረኛል? 

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። አንገቴን ትንሽ አሞኛል አልኳት እንጂ ሌላውን አልነገርኳትም።

"ውይ የኔ ልጅ! ብቻህን ሆነህ እኮ ነው። ታሪኩ መምጣት ይፈልጋል፤ ይምጣና ሱቁን ይያዝልህ፣ አንተ ትንሽ አረፍ በል።"

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከከረጢቱ ላይ ተነስቼ እንደ ሰው ቀጥ ብዬ ስሄድ ታየኝ። ቀጥሎ ደግሞ ወንድሜ በእኔ ቦታ ታየኝ።

"እማዬ፣ ታሪኩ አሁንም ከእኔ ይረዝማል?"

"በጣም እንጂ! ምነው?"

"ምንም።"

"እና፣ ይነሳ ልበለው?"

መስኮቷ ተንኳኳች። "ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ" አልኳትና ጎንበስ አልኩ።